አመድ ያልነካው መስታወት

በፀሐይ በጋለ ፕላስቲክ ላይ ውሃ ሲፈስ የሚወጣ ሽታ አለ፤ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር የሚል፣ ከሥሩ የሳሙናና የሞተ ጥንዚዛ ነገር ያለበት፣ ለማንም የማይጥም ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ከአሶሳ መናኸሪያ ወደ ቤት ስመለስ ከአንድ ላቫጆ ደጃፍ ይኸው ሽታ መጥቶ እግሬን ያዘኝ፤ አንድ ጎረምሳ ሞተር ሳይክል እያጠበ ነበር፣ እኔም ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ ቆሜ ሳይ ቆይቼ፣ ልጁ ደረቅ ጨርቅ አንስቶ የፊት መስታወቱን ከነአቧራው ሊፈትገው ሲል አላስቻለኝም። «ኧረ በአላህ! መጀመሪያ ውሃ አፍስስበት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «እህት ዓለም፣ ሞተሯ ያንቺ ናት እንዴ?» አለኝ። የኔ አይደለችም፣ ምን አገባኝ! አፍሬ መንገዴን ቀጠልኩ፣ ሽታው ግን አለቀቀኝም።

አባዬ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነበር። የገጠሩ ሰው «ሐኪም» ይለው ነበር፣ እሱም መጀመሪያ መጀመሪያ ያርማቸው ነበር፣ በኋላ ሰልችቶት ተወው። በደርግ ጊዜ ቤተሰቦቹ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን ነበር፤ አድጎ፣ ተምሮ፣ እንደሱው የሰፋሪ ልጅ የሆነችውን እማን አግብቶ፣ በከተማው ዳር ትልቅ ማንጎ ያለበት ግቢ ውስጥ ጎጆ ወጡ፣ እኔንም ብቻ ወለዱ። መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ቀይ ሞተር፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላ አስሮ፣ አንዴ ወደ ሆሞሻ፣ አንዴ ወደ መንጌ፣ አንዴም እስከ ሸርቆሌ ይወጣ ነበር፤ ጠዋት ነጭ ለብሶ የሄደው ሰውዬ ማታ ከነቅንድቡ ቀይ ሆኖ ይመለስ ነበር። ሞተሩ ሲሰጠው የፊት መስታወት አልነበረውም፤ ጠጠርና ጥንዚዛ ፊቱን ሲደበድበው ከርሞ፣ ሀምዛ የሚባል የበርታ ተወላጅ መካኒክ ጓደኛው ከሱዳን ጠረፍ ከኩርሙክ በኩል አንድ ደህና መስታወት አስመጥቶ ገጠመለት። መስታወት እንበለው እንጂ ፕላስቲክ ነበር፣ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው። አባዬ ግን ይኮራበት ነበር፤ «ሞተሩ የመንግሥት ነው፣ መስታወቱ የኔ ነው» እያለ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር።

የእማን የአመድ ነገር ሳልናገር ብቀጥል አይሆንም። እማ፣ ማለትም ዘይነብ፣ ድስቶቿ የሚያበሩላት ሴት ነበረች፤ አመዱን በወንፊት ነፍታ፣ በግማሽ ሎሚ እየነከረች፣ ድስቱንም ትሪውንም የፋኖሱንም ብርጭቆ ስትፈትግ ውላ ደጃፍ ላይ ደርድራ ለፀሐይ ስትሰጣቸው፣ የሰፈሩ ሴቶች እያዩ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር። አንድ የአረፋ ዋዜማ ታዲያ፣ አባዬ የአስርን ሶላት ሰግዶ ጋደም ባለበት፣ ሳይቸግራት ሞተሩን አየች። መስታወት መስታወት ሲባል የምትሰማው እሷ እንደ ፋኖሱ ብርጭቆ ነበር የመሰላት፤ «ለበዓል ባሌ በአቧራ ይውጣ እንዴ?» ብላ፣ በዚያው በአመድና በሎሚ ክንዷ እስኪዝል ፈተገችው። ጥላ ሥር ሳለ እውነትም አበራ። በማግስቱ አባዬ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሽቶውን ተቀብቶ፣ ሞተሩን ወደ ፀሐይ ሲያወጣው ግን መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር በጭረት ተሞልቶ እርጎ የተቀባ መሰለ። ቁጭ ብሎ አየው፣ ተነስቶ አየው፣ ከዚያ «ዘይኔ! ድስት አደረግሽው እኮ!» አለ። እኔ ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ፤ እማ ግን ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፣ የበዓሉንም ምሳ ሳትቀምስ ዋለች።

ሀምዛ ሁለተኛውን መስታወት አምጥቶ ሲገጥም ሁላችንንም ሰብስቦ ትምህርት ሰጠን። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁ ከግሪስ የማይጠራ ሰው ነበር፤ ቤቱ የሚናገረው በርታ ስለነበር አማርኛው ላይ አንተና አንቺ ብዙ አይለይም፣ እማንም እኔንም «አንተ» ይለን ነበር፣ እኛም ለምደነው ማንም አይስቅበትም። «ጨርቅ ደረቅ ሐራም! አሸዋ ሐራም! ቤንዚን፣ ወላሂ፣ ይበላዋል» አለና ጣቱን እያወዛወዘ ወደ እማ ዞረ፤ «አመድ ደግሞ፣ ያ ዘይነብ፣ ለድስት ብቻ!» እማ መሬት መሬት አየች። ቀጥሎ የኔን መዳፍ ገልብጦ ዳሰሰና «ይህ ጥሩ ነው፣ ሻካራ የለም። አንተ ያጥባል» ብሎ ሾመኝ።

እኔም ሥራዬን ያዝኩ። መጀመሪያ ውሃውን ከላይ ቀስ አድርጌ አፈስስና አቧራው በራሱ ለቆ እስኪወርድ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ የገላ ሳሙና በጥብጬ በባዶ መዳፌ ከላይ ወደ ታች ብቻ አወርደዋለሁ፣ ከመዳፌ ሥር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተሰማችኝ ወዲያው አቁሜ እንደገና ውሃ አፈስሳለሁ፤ መጨረሻ ላይ በአባዬ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ሳልጫን ጠብ ጠብ የሚለውን አነሳለሁ። ቀላል ይመስላል አይደል? የሚከብደው መጠበቁ ነበር፤ እኔ እንደሆንኩ በልጅነቴም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

በአሶሳ ክረምት ረጅም ነው፣ ከግንቦት ይዞ እስከ ጥቅምት ይዘንባል፣ ክረምት ደግሞ የጥንዚዛ ወራት ነበር። አባዬ አመሻሹ ላይ ሲመጣ መስታወቱ ክንፍና እግር ተለጥፎበት ይመጣ ነበር፤ በጥፍር ላንሳ ብል ይጫራል፣ ስለዚህ ካናቴራውን ውሃ ነክሬ፣ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር ላይ እንደሚደረገው፣ መስታወቱ ላይ አልብሼው እጠብቅ ነበር። ያ የመጠበቂያ ጊዜ የኔና የአባዬ ነበር። እሱ ቡትሱን አውልቆ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥና የቀኑን ያወራኝ ነበር፤ የገንዲ በሽታ ስለያዘው በሬ፣ መርፌ ሲያይ ጭራውን ቀስሮ ስለሚፈረጥጥ አህያ፣ ጠጥቶ አይጠግብም ስላሉት ጥጃ። ጨርቁ ሲነሳ ፈተና ነበረብኝ። «የማንጎው ቅጠል አንድ በአንድ ከታየ፣ ታጥቧል» ይል ነበር፤ ሁለታችንም ከመስታወቱ ጀርባ አጎንብሰን፣ ጉንጫችን ተነካክቶ፣ በመስታወቱ ውስጥ የግቢያችንን ማንጎ እናይ ነበር። «ያቺ ጫፏ የደረቀችው ትታይሻለች?» ሲለኝ፣ «ከጎኗ ያለችው ጉንዳንም ትታየኛለች» እለው ነበር፣ እሱም «ይህስ ውሸት ነው» ብሎ ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር።

ክረምቱ አልፎ፣ ማሽላው ተሰብስቦ፣ በጋው ሲገባ ሰዉ ሣሩን ያቃጥል ነበር፤ ሰማዩ ይጨልማል፣ የተቃጠለ ሣር ጥላሸት እየበረረ መጥቶ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። በዚያ ሰሞን አንድ ቀን አባዬ ከሥራ ገብቶ ሞተሩን ሳያጠፋ «ራህሜ፣ ጠዋት አላጠብሽውም እንዴ?» አለኝ። «አጥቤዋለሁ አባዬ።» «ይደፈርስብኛል።» አሰበና «ጭሱ ይሆናል» አለ። ጭሱ አለፈ፣ ቀጥሎ አቧራው ሆነ። አቧራውን ቀን ከቀን አጠብኩት፣ ከዚያ የማንጎው አበባ የሚያንጠባጥበው ሙጫ ሆነ፤ ሞተሩን ከማንጎው ሥር አንስቶ አጥሩ ጥግ አቆመው፣ እዚያም ደፈረሰበት። ሁልጊዜ ምክንያት ነበረው፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ መስታወቱ ላይ ነበር። ሲመሽ ደግሞ የደጁን አምፖል ቀና ብሎ እያየ «ይቺ አምፖል ምነው ቀለበት ሠራች?» ይል ነበር፣ እኛም ባየናት ጊዜ የድሮዋ አምፖል ነበረች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አንድ ጠዋት ለመውጣት ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ድንገት ወረደና «ዘይነብ!» ብሎ ተጣራ፤ ዘይኔ ማለቱን ትቶ ሙሉ ስሟን ጠራ። «በአመድ ነክተሽዋል፣ አይደል?» አላት። እማ ሊጥ የያዘ እጇን ወደ ላይ አድርጋ «ወላሂ አልነካሁትም! ሰይድዬ፣ እኔ እዚያ መስታወት አጠገብ ደርሼ አላውቅም፣ ልጅህን ጠይቃት» አለች። እኔም «አልነካችውም አባዬ፣ ንጹህ ነው፣ ና እየው» አልኩት። ሁለታችንንም ተመለከተንና ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። አንዴ ፈትጋዋለች፤ አንዴ የሠሩት ነገር እንዴት ተብሎ ይካዳል? እማ ያን ዕለት የአመዱን ጣሳ አንስታ ከአጥሩ ወዲያ ደፋችው፣ ከምድጃ የሚወጣውንም አመድ ጠዋት ጠዋት እሱ እያየ እየተሸከመች ከግቢ ታስወጣ ጀመር። ድስቶቿን በውሃና በሳሙና ብቻ ታጥብ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጠቆሩ፣ ትሪው ፈዘዘ፣ የሰፈር ሴቶችም «ዘይነብ ምን ነካት?» ይሉ ጀመር። እሷ ምን ልትል?

ማንጎ የሚበስልበት ወር ደረሰ፤ ያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ማንጎ ከመብዛቱ ፍየል እንኳ ጠግቦ ይተወዋል። እንደ ልማዴ አጥቤ፣ ፈተናዬን ልፈተን አባዬን ጠራሁት። ከመስታወቱ ጀርባ አጎነበስን። እኔ ቅጠሎቹ፣ ፍሬዎቹ፣ የፍሬዎቹ ጭራ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። «ጭጋግ ነው» አለ። «አባዬ፣ ንጹህ ነው። ያቺ ቢጫዋ ትታየኛለች፣ ወፍ የበላቻት።» እሱ ቀና አለና ከመስታወቱ በላይ፣ በባዶ ዓይኑ፣ ማንጎውን አየው፤ ቆይቶ፣ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ ወደ ቀኝ አዙሮ፣ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደገና ገልጦ አየው። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ፍርሃት እንደሆነ ገባኝ፣ አባቴ ሲፈራ አይቼው አላውቅም ነበርና እኔም አብሬው ፈራሁ። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ «በቃ ነገ ደግመሽ እጠቢው» አለኝ፣ ድምፁ ልስልስ ብሎ። አጠብኩት። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አጠብኩት። የማጥበው ነገር መስታወቱ ላይ እንደሌለ እያወቅሁ ምን ላድርግ? ሌላ የሚታጠብ ነገር አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አባዬ ሀምዛን አስጠራ፣ ሦስተኛ መስታወት እንዲያመጣለት። ሀምዛ መጣ፣ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ጎንበስ ብሎ አሻግሮ አየ፣ ጥፍሩን እንኳ የሚይዝ ጭረት አጣበት። ወደ እኔ ዞሮ «መሽአላህ፣ ጥሩ ያጥባል» አለኝ። ቀጥሎ ለአባዬ ዝግ ባለ ድምፅ «ያ ሰይድ፣ መስታወት ደህና ነው። አዲስ አላመጣም። ዓይንህን ለሐኪም አሳይ» አለው። አባዬ ተቆጣ፤ አባዬ ሀምዛን ሲቆጣ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት። «ስንት ዓመት የነዳሁበት መንገድ ነው! ጨፍኜ አውቀዋለሁ!» አለው። ሀምዛ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ቆመ፤ «እኔም የፈራ እሱን ነው፣ ጨፍነህ ነው» አለና ወጣ። እማ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሰምታ ነበር፤ አልነካሁትም ያለችው እውነት ሆኖ ወጣ፣ ፊቷ ላይ ግን ምንም ደስታ አላየሁም። እውነቷ ባይወጣ ኖሮ ትመርጥ ነበር።

የሆነው ሁሉ የሆነው በሆሞሻ መንገድ ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ነገሩን የነገረን አባዬን ሊያመጣ የሄደው ሀምዛ ነው። ከጎን ቀስ ብላ የገባች ፍየል አልታየችውም፤ ፊት ለፊት ያለው መንገድ ይታየው ነበር፣ ጎንና ጎኑ ግን ጠፍቶበት ኖሯል። ገጭቷት ወደቀ፣ ጉልበቱ ተላጠ፣ እሱ ግን ጉልበቱን ትቶ ቦርሳውን ከፍቶ ፍየሏን ሊያድን እየተንበረከከ ነበር፤ ራሱ የከተባት ፍየል ነበረች። ባለቤቷ አንዲት የበርታ አሮጊት ደርሰው መርፌ የያዘ እጁን ይዘው «ኸላስ ሐኪም፣ በቃ ተወው፣ ሞቷል» አሉት። አልተቆጡም፣ ውሃ አመጡለት፣ ከዛፍ ሥር አስቀመጡት። ቢቆጡት ይሻል ነበር ይል ነበር አባዬ በኋላ። ሀምዛ ሞተሩን እየነዳ፣ አባዬ ከኋላ ተቀምጦ ወደ ግቢ ሲገቡ፣ እኔ ከሁሉ በፊት ያየሁት መስታወቱን ነው፤ አንዲት ጭረት አልነበረችበትም። እንደዚያን ቀን መስታወት ጠልቼ አላውቅም።

ሆስፒታል ስንሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ፣ እጁን አለቅም ብዬ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ አንድ ዓይኑን አስሸፍና ጣቷን ከጎን እያመጣች «አሁን ይታይዎታል? አሁንስ?» ስትለው፣ ጣቷ ለኔ ከሩቅ እየታየኝ፣ እሱ አፍንጫው ጋ እስክትደርስ «አልታየኝም» ይል ነበር። ንገሪው ንገሪው ይለኛል ልቤ፣ ጣቷ እዚያ ጋ ናት በይው ይለኛል፤ ብነግረው ምን ይጠቅመዋል? «የዓይን ግፊት ነው፣ ግላኮማ ይባላል። የጠፋው አይመለስም አቶ ሰይድ፣ የቀረውን ለማቆየት ነው የምንታገለው» አለችውና ጠብታ አዘዘችለት። ጠብታውን እማ ጠዋትና ማታ ስታደርግለት ኖረች፤ ታገልን ልበል፣ ዓይኑ ግን በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሄደ።

ከሆስፒታል የተመለስን ዕለት አባዬ ጓዳ ገብቶ ቆመ። እማ ድስት እያጠበች ነበር። ከተደረደሩት አንዱን አንስቶ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ፣ ጥቁሩን ቂጡን በጣቱ ዳሰሰው። «ዘይኔ» አለ፣ «ድስቶችሽን በአመድ እሺያቸው።» እማ እዚያው ውሃው ላይ አጎንብሳ አለቀሰች፣ እሱም ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ ድስቱን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ።

በጋ ሲሆን መሥሪያ ቤቱ ሞተሩን ሊረከብ መጣ። አባዬ ቀድሞ መፍቻ ይዞ ወጥቶ፣ ብሎኖቹን በእጁ እየዳሰሰ ፈታቸውና መስታወቱን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘው። ተረካቢው ልጅ «አባባ፣ ይኸስ?» ቢለው፣ «ሞተሩ የመንግሥት ነው፣ መስታወቱ የኔ ነው» አለው፤ ያን ለእንግዳ ሁሉ ይለው የነበረውን ቃል፣ መስታወቱን ይበልጥ እያቀፈ። ልጁም አንገቱን ደፋ። ሞተሩ ያለ መስታወቱ እየጮኸ ከግቢያችን ወጣ፣ ሀምዛም በሩ ላይ ቆሞ እስኪርቅ አየው።

ያ ሁሉ ካለፈ ወዲህ እኔም አግብቼ ወልጃለሁ፣ ቤቴ ከዚያው ግቢ አይርቅም። ያን ቀን ከላቫጆው ስመለስ በቀጥታ ወደ እነሱ ነበር የሄድኩት። አባዬ አሁን ምንም አያይም፤ ብርሃንና ጨለማን እንኳ የሚለየው ፊቱ ላይ ባለው ሙቀት ነው። ማንጎው ሥር፣ ያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ መስታወቱን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ያጥብ ነበር። በየሳምንቱ ጁምዓ ከመድረሱ በፊት ያጥበዋል፤ ውሃውን ከላይ ቀስ አድርጎ ያፈስሳል፣ ይጠብቃል፣ በመዳፉ ከላይ ወደ ታች ብቻ ያወርዳል፣ አሸዋ ከተሰማው ያቆማል። መጠበቅ እንደሱ የሚችል ሰው የለም። መስታወቱ ግን ፀሐይና ዕድሜ በልቶታል፤ አመድ ሳይነካው፣ ጭረት ሳይኖረው፣ ከውስጡ ቢጫ ሆኖ ደፍርሷል፣ በእሱ ውስጥ ማንጎውን ቢያዩት አረንጓዴ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው።

«ራህሜ፣ አንቺ ነሽ? ነይ እስቲ እይልኝ፣ ጠራ?» አለኝ። አጠገቡ አጎንብሼ፣ ጉንጬን ጉንጩ ላይ አድርጌ፣ በመስታወቱ ውስጥ አየሁ። «ጠርቷል አባዬ» አልኩት፣ «ቅጠሉ አንድ በአንድ ይታያል።» ያኔ፣ ወፍ የበላቻት ማንጎ ሳትቀር እየታየችኝ ንጹህ ነው ስለው አላመነኝም ነበር፤ ዛሬ ምንም ሳይታየኝ ብነግረው አመነኝ፣ ፊቱም በራ። «አልሃምዱሊላህ» አለና መስታወቱን ከጉልበቱ አንስቶ ወደ ድምፄ ዘረጋው። «በይ ወደ ቤት አስገቢልኝ፣ እንዳይጫር ብቻ ቀስ አድርገሽ ያዥው።» በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ በሩን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አስገባሁት።